ባለአበባው ወንበር

አጣቢዋን ያጋለጠቻት የገዛ የልጅ ልጇ ናት። ሴትዮዋ ግቢው ውስጥ እርጥብ አንሶላ ገመድ ላይ ስታሰጣ፣ አምስት ዓመት ያልሞላት ትንሿ ደግሞ ከሥር ከሥሯ እየተከተለች መቆንጠጫ ስታቀብላት፣ እንደ ዘበት፣ "እማማ፣ የእማዬ ዓይን እንዴት ነበር?" ብላ ጠየቀቻት።

"ትልልቅ ነበራ፣ የኔ እመቤት! ፊቷን የሞላ።"

"ባለፈው ትንንሽ ነው፣ ስትስቅ ይጠፋል ብለሽኝ ነበር።"

አጣቢዋ አንሶላውን እንደያዘች ክው አለች።

"የትኛው ነው ልክ?" አለች ትንሿ። ልጅ አንዴ ከያዘ መቼ ይለቃል።

"ሁለቱም ነው፤ እንደ ቀኑ ነው" ብላ ልታመልጥ ሞከረች። ግን ከትንሿ ብታመልጥ ከራሷ አላመለጠችም። ዓይኗን ጨፍና የሟች ልጇን ፊት ለማምጣት ታገለች። ድሮ ሳትጠራው ድቅን ይልባት የነበረ ፊት፣ አሁን ሲጠሩት አልመጣ አለ። ድምጿ አለ፣ ሳቋ አለ። ጠዋት በር ከፍታ ስትወጣ ጀርባዋ አለ። ሰው ሲያወራላት አንገቷን ወደ አንድ ጎን ዘንበል የማድረግ ልማዷም አለ። ፊቷ ግን ከተሰጣ እርጥብ አንሶላ ጀርባ እንደቆመ ሰው ሆኗል፤ መኖሩ ይታወቃል እንጂ ማንነቱ አይለይም።

ሴትዮዋ ፈራች። ልጇ ከሞተች ብዙም አልቆየም እኮ። እናት የልጇን ፊት ትረሳለች ወይ? ትረሳለች። ማንም ደፍሮ አይናገረውም እንጂ ትረሳለች። ለማን ይነገራል?

ሟች ልጇ በሕይወት ሳለች በአንድ ሀብታም ነጋዴ ቤት ሞግዚት ነበረች። የራሷን ጨቅላ ለእናቷ ትታ የሰው ልጅ አዝላ ትውላለች። የትንሿ አባት የሚባለው ሰውዬ ሆዷ ገፋ ከማለቱ በፊት አገር ጥሎ ጠፍቷል፤ ስሙም አይነሣ። ከዚያ ትኩሳት ገባና ልጅቷን አልጋ ላይ በቅጡ ሳትተኛ ወሰዳት። አያትና የልጅ ልጅ አንድ ክፍል ውስጥ፣ በሰው ልብስ ተከበው ቀሩ።

አንድ ነገር ግን ነበር። ልጅቷ ከመሞቷ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በአንድ የዕረፍት ቀኗ እየሮጠች መጥታ፣ ትንፋሿን እንኳ ሳትሰበስብ፣ "እማ! ፎቶ ተነሣሁ!" ብላ ነበር። ያኔ ፎቶ ገና አዲስ ነገር ነው። ፎቶ የሚነሣው ሰው ነው፤ ሰው ሲባልም ሰው የሚባለው ሰው፤ ዳኛው፣ ነጋዴው፣ የነጋዴው ሚስት። አጣቢና ሞግዚት ፊታቸውን በባልዲ ውሃ ካዩ ይበቃቸዋል። እናትየው አላመነችም።

"አንቺን? ማን ብሎሽ?"

"ልጁ ብቻዬን አልቀመጥም ብሎ ለቅሶውን ሲያቀልጠው፣ እኔ ታቀፍኩትና አብረን ተነሣን! እንዴት እንደሆነ ብታዪ እኮ እማ! ፎቶ አንሺውም ጨርቅ ይከናነባል፣ የሚነሣውም ይከናነባል። እሱ እዚያ ማዶ ተከናንቦ፣ እኔ እዚህ ተከናንቤ! ለካ እንዲህ ነው የሚነሣው። ትንፋሽ አጥሮኝ ልሞት ነበር።"

እናት ስለ ፎቶ አነሣስ ምን ታውቃለች? "ጉድ እኮ ነው!" ብላ ተገረመች፤ በልቧም ኮራች። ሰፈሩም ሰማ፤ ግማሹ አመነ፣ ግማሹ ሳቀ። አጣቢዋ ያንን ፎቶ ሳታየው በልቧ ስታስቀምጠው ኖራለች፤ በቸገረኝ ቀን ሄጄ አወጣዋለሁ ብላ። ይኸው ቸገራት። ነጋዴው ከነቤተሰቡ ወደ ሌላ ከተማ ተዛውሯል፤ የቀረው ፎቶ ቤቱ ብቻ ነው።

ፎቶ አንሺውን ከተማው ሁሉ "አይነቃነቁ" ነው የሚለው፤ ከአፉ የማትጠፋ ቃል ናትና። መንገድ ላይ ሲያልፍ ጎረምሶች እንደ ግንድ ደርቀው እየቆሙ ያሾፉበታል፣ እሱም አብሯቸው ይስቃል። ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ሰው ቢሆን ነገሩ በቀለለ ነበር፤ የሚረገም ሰው ይገኝ ነበር።

ፎቶ ቤቱ ፎቅ ላይ ነው፣ ብርሃን እንዲገባ የጣሪያው ግማሽ መስታወት የሆነ ሰፊ ክፍል። ታች መግቢያው ላይ የከተማው ሰዎች ተደርድረው ተሰቅለዋል። ሥጋ ሻጩ በተዋሰው ካፖርት ዳኛ መስሏል፤ ዳኛው ደግሞ ሲነሣ እንቅልፍ ይዞት ስለነበር ሥጋ ሻጭ መስሏል። አጣቢዋ የብዙዎቹን ሸሚዝ ታውቀዋለች፣ በእጇ ነው የሚታጠበው። ፊታቸውን ግን እንዲህ ቀና ብላ አይታ አታውቅም፤ እስኪበቃት አየቻቸው። ከዚያ ጫማዋን ደረጃው ላይ አራግፋ ወጣች።

"ምን ልርዳዎት እናቴ?" አላት አይነቃነቁ። ጣቶቹ በፎቶ ማጠቢያው መድኃኒት ጠቁረዋል፤ የሷ ደግሞ በሳሙና ነጥተዋል።

"ልጄን ፈልጌ ነው ጌታዬ።"

"እዚህ ነው የምትሠራው?"

"የለችም፤ ሞታለች። እርስዎ ጋ ፎቶ ተነሥታ ነበር።" የነጋዴውን ቤት፣ ሕፃኑን፣ የሞግዚትነቷን ነገር፣ እቤት ያለችውን የልጅ ልጇን ጥያቄ አንድ በአንድ አስረዳችው። የመከናነቡን ወሬ አላነሣችም። ለባለሙያ ሙያውን መንገር ድፍረት መሰላት።

አይነቃነቁ ጭንቅላቱን አከከ። የሚያነሣው ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚቀረው መስታወት ላይ ነው፣ ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር ሆኖ፤ ወረቀት ላይ የሚታተመው ኋላ ነው። መስታወቶቹ ጓዳው ውስጥ እስከ ጣሪያ ታጭቀዋል። "አይጠፋም፤ ግን መፈለጉ ጊዜ ይወስዳል" አላት።

"በነፃ አልልዎትም። ላጥብልዎት።"

ሰውዬው ዙሪያውን ሲያይ እውነትም ቤቱ ውሃ ካየ ቆይቷል። መጋረጃውን አወረደ፣ የጠረጴዛ ልብሱን ገፈፈ፣ ራሱ የሚከናነበውን ጥቁር ጨርቅ ጨመረ፣ ከአንድ ጥግ ደግሞ ወፍራም ባለአበባ ጨርቅ ጎትቶ አወጣና አንድ ላይ ጠቅልሎ አሸከማት። "ከተገዙ ጀምሮ ታጥበው አያውቁም፤ እንዳይሰድቡኝ አደራ" አለ እየሳቀ።

እቤት ደርሳ ጥቅሉን ስትፈታ ትንሿ ባለአበባውን ጨርቅ ቀምታ ተከናነበችው። ወለሉ ላይ ጉብ ብላ፣ "እማማ፣ የት አለሁ? ፈልጊኝ!" አለች።

"ውጪ ከዚያ! ቆሻሻ ነው፣ ይሸታል!"

"ደስ የሚል ሽታ ነው" አለች ትንሿ ከውስጥ ሆና። "የሰው ሽታ ነው።"

አጣቢዋ ጨርቁን ገፈፈቻት። መካከሉ ላይ የፀጉር ቅባት እድፍ አለበት። "ይሄ ሰውዬ ትራስ አድርጎ ነው እንዴ የሚተኛበት?" ብላ አጉረመረመች። እድፍ አይታ የምታልፍ ሴት አይደለችም። ዘፈዘፈችው፣ ቀቀለችው፣ በሳሙና አሸችው፣ ፈተገችው። እድፉ እምቢ ሲላት እልህ ያዛትና ደግማ ቀቀለችው። በመጨረሻ ለቀቀ። ፀሐይ ላይ ዘርግታ ስታየው አበቦቹ እንደ አዲስ ፈክተዋል፣ ሽታውም ሳሙና ብቻ ሆኗል። ፎቶ አንሺውን አስደስታ ልጇን የምትቀበል መሰላትና ስታጣጥፈው አንጎራጎረች።

ጨርቆቹን ይዛ ስትመለስ አይነቃነቁ ፎቶውን አግኝቶ፣ ወረቀት ላይ አትሞ ቆይቷት ነበር። ግን ቶሎ አልሰጣትም። "እስቲ መጀመሪያ ይቀመጡ" አለ። "ውሃ ላምጣልዎት? እናቴ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት…"

"ኋላ ይነግሩኛል፤ አሁን ይስጡኝ!" ብላ ከእጁ ወሰደችው።

ነጭ ቀሚስ የለበሰ ጉንጨ ሙሉ ሕፃን፣ ባለአበባ ወንበር ላይ ተቀምጦ አፍጥጧል።

"ይሄማ የሰዎቹ ልጅ ነው" አለች። "የኔስ?"

"የያዘችው እሷ ናት።"

"የታለች?"

"ከሥር ናት እናቴ።"

ወረቀቱን ገልብጣ ጀርባውን አየች። ባዶ ነው። መልሳ ገለበጠችው። አይነቃነቁ ዓይኑን ወደ መስኮቱ አሸሸ።

"ሕፃን ብቻውን ከተቀመጠ ይነቃነቃል፣ ፎቶው ይበላሻል" አለ። "ስለዚህ ሞግዚቷ ትይዘዋለች። ወላጆቹ ደግሞ የሚፈልጉት ልጃቸውን ነው፤ ከሞግዚት ጋር ግድግዳቸው ላይ እንዲሰቀል አይፈልጉም። እና ጨርቅ እናለብሳታለን። ወንበር ትመስላለች። እኔ ብቻ አይደለሁም፣ ፎቶ ቤት ሁሉ እንዲህ ነው የሚሠራው።"

እሱ እዚያ ማዶ ተከናንቦ፣ እኔ እዚህ ተከናንቤ። የልጇ ድምፅ ጆሮዋ ላይ ጮኸ። እንዴት ደስ ብሏት ነበር! አጣቢዋ ፎቶውን እንደያዘች ቁጭ አለች። "እሺ፤ አሁን ግለጥልኝ" አለች።

"ምኑን?"

"ጨርቁን ነዋ! አንተ አይደለህ የሸፈንካት? ግለጥና አሳየኝ!" አንቱታው ከአፏ ጠፋ።

"እናቴ፣ መስታወቱ ያየውን ብቻ ነው የሚይዘው። ያየው ጨርቅ ነው።"

"ከሥር አለች አልክ እኮ!"

"ነበረች" አለ አይነቃነቁ።

ወረቀቱን ወደ ዓይኗ አስጠጋችው። ጨርቁ ከሕፃኑ ራስ በላይ ክብ ብሏል፣ ክቡም ወደ አንድ ጎን ዘንበል ብሏል። ልጇ ሰው ስታዳምጥ እንዲህ ነበር የምትሆነው። እሷ ናት። ከዚያ አበቦቹን አየች። እዚህ ግራጫ ሆኑ እንጂ ታውቃቸዋለች። ዞር ብላ ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጠችውን ጥቅል ተመለከተች።

"ይሄ ነው?"

"ነው።"

"እድፍ ነበረበት" አለች ቀስ ብላ። "መካከሉ ላይ፣ የፀጉር ቅባት። ሁለት ጊዜ ቀቅዬ አጠፋሁት።"

አይነቃነቁ ሊያጽናናት ብሎ፣ "የሷ ብቻ አይደለም እኮ፣ የከተማው ሞግዚት ሁሉ ተከናንባበታለች" አላት። ምነው ዝም ባለ! አጣቢዋ ጨርቁን አንሥታ ፊቷን ቀበረችበት። ሳሙና ሳሙና አላት። ያኔ ነው ያለቀሰችው፣ ድምፅ ሳታሰማ፣ ራሷ ባጠበችው ጨርቅ ውስጥ።

ሰውዬው አንጀቱ አልቻለም። ወዲያ ወዲህ ሲል ቆይቶ፣ "ማንን ትመስል ነበር?" ብሎ ጠየቃት።

"ሰው ሁሉ 'ቁርጥ አንቺን' ነበር የሚለኝ።"

በባለሙያ ዓይን አያት፤ አገጯን፣ ጉንጯን፣ ግንባሯን። "እንግዲያው እርስዎን ላንሣዎት። መስታወቱ ላይ በእርሳስ እየነካካሁ መጨማደዱን አጠፋዋለሁ። ስንቱን አሮጊት ሙሽራ አድርጌያለሁ መሰለዎት። የልጅ ልጅዎ እናቷን ታያለች።"

"እኔ እሷ አይደለሁም።"

"አይደሉም። ግን ልጅቷ አንድ ፊት ያስፈልጋት የለ? ከእርስዎ የቀረበ ከየት ይመጣል?"

እምቢ ብላ ባዶ እጇን ብትመለስ፣ "ዓይኗ እንዴት ነበር?" የምትል ልጅ በር ላይ ቆማ ትጠብቃታለች። እሺ አለች። አይነቃነቁ ያለቀ ቀሚሷን አይቶ ከቁም ሳጥኑ ባለዳንቴል አንገትጌ ጥቁር ቀሚስ አወጣ። "በለበሱትማ ከተነሡ ሠራተኛ ነው የሚመስሉት።"

"ሠራተኛ እኮ ነበረች።"

"ፎቶ ላይማ ማን ሠራተኛ ይሆናል እናቴ?"

ለበሰችው። ስንት ሴት ለብሳው እመቤት እንደሆነችበት ማን ያውቃል። የተላጡት እጆቿ ጓንት ውስጥ ተደበቁ። አምዶችና ሐይቅ በተሳሉበት መጋረጃ ፊት አስቀመጣት፣ እንዳትወዛወዝ ማጅራቷን ከኋላ በብረት ደገፈው፣ ባጠበችለት ጥቁር ጨርቅ ተከናነበና "አይነቃነቁ" አለ። አልተነቃነቀችም። ካስታወስኳት ፊቴ ላይ ትወጣ ይሆናል ብላ የልጇን መልክ በሙሉ ኃይሏ ጠራችው። አልመጣም። የመጣው እንባዋ ነው። "ግድ የለም፣ እሱንም እርሳስ ያጠፋዋል" አላት አይነቃነቁ።

ያጠፋውማ አጠፋው። ፎቶው በፍሬም ሆኖ ሲሰጣት፣ ፊቷ እንደ ተላጠ እንቁላል የለሰለሰ፣ የደህና ቤተሰብ ልጅ የምትመስል ባለዳንቴል ወጣት ተቀምጣለች። ዓይኗ ትልቅም አይደለም፣ ትንሽም አይደለም። አጣቢዋ ይቺን ሴት አይታት አታውቅም። እሷን ራሷንም አትመስል፣ ልጇንም አትመስል። አይነቃነቁ ግን በሥራው ኮርቶ እጁን ያፋትግ ነበር፤ ምን ትበለው? አመሰገነችው።

ትንሿ አንዴ አየችና "እማዬ!" ብላ ጮኸች። ፍሬሙን አቅፋ ሳመችው፣ ወዲያው ከግቢ ግቢ ይዛው ዞረች። "እዩዋት፣ እማዬ ናት! ፎቶ ተነሥታ ነበር!" አጣቢዋ ከኋላ ከኋላ እየተከተለች የጎረቤቶቹን ፊት ታያለች። ልጇን ከሕፃንነቷ ጀምሮ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። አንዳቸው "ይቺማ እሷ አይደለችም" ይላል ብላ ፈርታም ጓጉታም ጠበቀች።

"ውይ ውይ፣ ቁርጥ እሷን!" አለች ልጅቷን ያዋለደቻት አሮጊት እንባዋን እየጠረገች። "ልትናገር ምንም አልቀራት!"

"ፎቶ ተነሣሁ ስትለኝ ዋሸሽ ብዬ ስቄባት ነበር" አለ ዳቦ ጋጋሪው። "ይቅር ትበለኝ።"

አጣቢዋ ያኔ ተስፋ ቆረጠች። የልጇን ፊት ይዞ የቆያት አንድ ሰው እንኳ አልነበረም። ሁሉም ረስተዋታል፣ አንረሳትም ብለው እየማሉ። ቆይቶ ደግሞ አይነቃነቁ የፎቶውን ሌላ ቅጂ ታች መግቢያው ላይ፣ ከሥጋ ሻጩና ከዳኛው መካከል ሰቀለው። የዳኛው ሚስት ፊቱ ቆማ፣ "ይቺን ሴት አውቃታለሁ፤ የደህና ሰው ልጅ ናት" እያለች ለጓደኛዋ ስታወራ፣ አጣቢዋ የሷኑ ልብስ ተሸክማ በኋላቸው አለፈች። ዞር ብሎ ያያት የለም።

ከዚያ ወዲህ ባለዳንቴሏ ግድግዳው ላይ ናት። ትንሿ ስትተኛ "ደህና እደሪ እማዬ" ትላታለች። ይሄስ ይሁን። የማይቻለው ሌላ ነው። ድሮ አጣቢዋ ዓይኗን ስትጨፍን ብዥ ብሎም ቢሆን የሚመጣ ነገር ነበር። አሁን ጥርት ብሎ የሚመጣው የባለዳንቴሏ ፊት ነው። ልጇ በሐሳቧ በር ከፍታ ስትወጣ፣ ዞር ካለች፣ የባለዳንቴሏን ፊት ይዛ ነው የምትዞረው። ያችን የቀረቻትን ጭላንጭልም በገዛ እጇ አጠበቻት።

የሕፃኑን ፎቶ ግን አልጣለችውም። ሣጥኗ ውስጥ ከልብስ ሥር ሸሽጋ፣ ብቻዋን ስትሆን እያወጣች በጣቷ ያንን ዘንበል ያለ ክብ ትዳብሰዋለች። ትንሿ ትምህርት ቤት የገባች ሰሞን ሣጥኑን ስትበረብር አገኘችው።

"እማማ፣ ይሄ ሕፃን ማነው?"

"የሰው ልጅ ነው። እናትሽ ታዝለው የነበረው።"

"የተቀመጠበትስ ምንድነው?"

አጣቢዋ አፏን ከፈተች። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ግን ከተናገረችው ግድግዳው ላይ ያለችው ማን ልትባል ነው? ደህና እደሪ የምትባለው፣ ትምህርት ቤት "የኔ እናት ቆንጆ ናት" የሚባልላት? ሞት አንዴ ያለ እናት ያስቀራትን ልጅ ሁለተኛ እሷ ታስቀራት? ባለዳንቴሏን አየች፣ ጨርቁን አየች፣ የትንሿን ፊት አየች።

"ወንበር ነው" አለች።

ትንሿ ፎቶውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግታ አንገቷን ወደ አንድ ጎን ዘንበል አድርጋ መረመረችው። "ዘሟል እኮ እማማ። ልጁን ይጥለዋል።"

"አይጥለውም" አለች አጣቢዋ።